የወዲያኛው ዳር ሸረሪቶች

በሐይቅ ዳር፣ ውኃው ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው እርጥብ ጭቃ ላይ የሚሯሯጡ ትንንሽ ሸረሪቶች አሉ። ድር አያደሩም፤ እየሮጡ ነው የሚያድኑት። ቀለማቸው የጭቃው ቀለም ስለሆነ ካልተነቃነቁ አይታዩም። አንዷን አንስተው ውኃው ላይ ቢጥሏት አትሰምጥም። በውኃው ገጽ ላይ እየሮጠች ወደመጣችበት ዳር ትመለሳለች። ዞር ዞር ብላ አትፈልግም፤ ቆም ብላ አታስብም። እግሯ ውኃውን ገና ሲነካ መንገዱን ታውቀዋለች።

ይህን የነገረኝ ጋርላንድ በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ከማጥባቸውና ከማለብሳቸው ሰዎች አንዱ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። ሽማግሌው በጉልበቱ ዘመን መሬት ቀያሽ ነበር፤ እግሩ ከዳው እንጂ አፉ አልከዳውም። ጠዋት ጠዋት ካልሲውን ሳጠልቅለት ስለ ወንዙ፣ ስለ እባቡ፣ ስለ ሜዳው ሙቀት ያወራኛል። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ ሌሎች ሰባት ሰዎች ይጠብቁኛል። አብዛኛውን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰዋለሁ። የሸረሪቶቹን ነገር ግን ካልሲውን በእጄ እንደያዝኩ ሰማሁት።

«እንዴት ነው የሚያውቁት?» አልኩት።

«ፀሐይን አይተው ነው። ፀሐይ ግን አንድ ቦታ አትቆምም፤ ስለዚህ ውስጣቸው ሰዓትም አለ ማለት ነው» አለኝ።

ከዚያ ያልጠየቅኩትን ጨመረልኝ። በወጣትነቱ አንድ ቀን ከቤቱ በኩል ካለው የወንዝ ዳር ሸረሪቶች ለቅሞ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ ወደ ማዶ ተሻገረና እዚያ ውኃው ላይ ለቀቃቸው። የማዶው ዳር ከኋላቸው አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፤ ዞር ቢሉ ደርሰዋል። እነሱ ግን በቀጥታ ወደ ወንዙ መሀል ሮጡ። የሚያውቁት ዳር በዚያ በኩል ነበራ። «አንዷም አላመነታችም» አለኝ። «ከዚያስ?» ስለው «ከዚያማ ዓሦቹ አገኟቸው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ዕለት አልጋ ሳነጥፍም፣ ሰው ሳጥብም እነዚያ ሸረሪቶች ወደ መሀል ሲሮጡ ይታዩኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን የእኔ ጭንቀት አባቴ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ካስመጣኋቸው ዓመት አልሞላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጠመኔው ካሰመረበት መስመር መቀሳቸው ውልፍት አይልም። አንድ ነገር እንዲህ ነው ከተባሉ እንዲሁ ነው፣ አለቀ። ስኳር አለባቸው፤ መርፌያቸውን ጠዋትና ማታ የምወጋቸው እኔ ነኝ። የሚበሉትን የምቆጣጠረውም፣ ኪሳቸውን የምፈትሸውም እኔው ነኝ፤ ከረሜላ እየደበቁ ያስቸግሩኝ ነበርና።

ሁለተኛው ችግራቸው መጥፋት ነበር። የምንኖርበት የአፓርትመንት ግቢ ሃያ የሚሆኑ ሕንጻዎች አሉት፤ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ባለ ሁለት ፎቅ፣ ደረጃቸው ሁሉ በአንድ በኩል። ቀና ብለው አይተው ሰሜን ይኸ ነው የሚሉት ተራራ የለም፤ ጋርላንድ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሰው ቤት ገብተው ሶፋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለቤቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች ናቸው፤ ውኃ ሰጥተዋቸው፣ ቴሌቪዥን ከፍተውላቸው፣ የሚወስዳቸው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። አባቴ የገረማቸው ሶፋውን መቼ እንደቀየርነው ብቻ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ትስቅ ነበር። እኔ ግቢውን ሙሉ እየተቆጣሁ ወሰድኳቸው። የምቆጣው ስፈራ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ይህን ለሽማግሌው ብነግረው በሰዓት አቅጣጫ የማወቅን ዘዴ አስተማረኝ። የእጅ ሰዓትሽን አጭሩን ቆጣሪ ወደ ፀሐይ አዙሪው፤ በእሱና በአሥራ ሁለት ቁጥር መካከል ያለውን እኩል ክፈዪው፤ መሀሉ ደቡብ ነው። ቀላል ነው። እኔም ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ተገላገልኩ ብዬ ነው የሄድኩት።

አባቴን ፓርኪንጉ መሀል አቁሜ አስተማርኳቸው። የእሳቸው ሰዓት መስታወቱ ተጫጭሮ ስለነበር የእኔን ከእጄ ፈትቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«እኩል መክፈሉን ለእኔ ተዪው» አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው መሀሉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ምልክት አደረጉበት፤ ልክ ጨርቅ ላይ እንደሚያደርጉት። ቤታችን ያለው በግቢው ደቡባዊ ጫፍ ነው፤ ሦስት ጊዜ ወደተለያየ የግቢው ጥግ ወሰድኳቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ ቤታችንን አገኙት።

«አንዴ ካወቁት በኋላ ግራ ቀኝ አይበሉ፤ ቀጥ ብለው ይሂዱ። ሰውን የሚያጠፋው ማመንታቱ ነው» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ሰዓት መናገር አለብኝ። የሚሄደው በአገራችን አቆጣጠር ነበር። ባለቤቴ በፈረንጁ ላድርግልዎት ቢላቸው «ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ሲጀምር ማን አየ?» ብለው መለሱት። ለእኛ ደግሞ ችግር አልነበረውም። የእሳቸው ሰዓት ዘጠኝን ሲያሳይ የእኔ ሦስትን ያሳያል፤ ሁለታችንም የምናየው ያንኑ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳላስበው እገለብጠዋለሁ። እዚያ የሚኖር የአገሬ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሥራ ቦታ በአንዱ፣ ቤቱ በሌላው ይናገራል፣ ስንት ጊዜ እንደገለበጠ እንኳ አያውቅም።

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ፓርክ ውስጥ ያለ ሐይቅ ዳር ሄድን። አሥራ አምስቱን ቀን ሙሉ ስኳር ያለበት ሰው ይጾማል ወይ እያልኩ ከአባቴ ጋር ስጨቃጨቅ ስለከረምኩ ሥጋ ልጠብስላቸውና ልንታረቅ ነበር ሐሳቤ። ሙቀቱ ከባድ ነው። ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ በቀጥታ ከሥራ ሽፍቱ ስለመጣ ሁለት ቁራሽ እንደጎረሰ ዛፍ ሥር ተጋደመ። አባቴም በሙቀቱ ምክንያት በቅጡ አልበሉም። የጠዋቱ መርፌ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ትንሽ ቆይቼ በግድ አበላቸዋለሁ ብዬ ተውኳቸው። ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ደግሞ ከኮታቸው ኪስ ሁለት ከረሜላ አውጥቼ ጥያለሁ።

እኛ የነበርንበት የሐይቁ ሰሜናዊ ዳር ነው። ውኃው በደቡብ፣ ጥቅጥቅ ያለው ዛፍ ደግሞ ከኋላችን። ጭቃው ላይ ሸረሪቶቹን አየኋቸው፤ ሽማግሌው እንደነገረኝ ናቸው። አንዷን በቅጠል አንስቼ ውኃው ላይ ጣልኳት። ተመልሳ መጣች። አባቴ ጎንበስ ብለው አዩና ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት።

«ማን አስተማራቸው?»

«ፀሐይን አይተው ነው ይባላል።»

«እንደ እኔ በይኛ» አሉ፤ ደስ አላቸው።

ከዚያ እግራቸውን ማፍታታት ፈለጉ። «ዛፉ ውስጥ ትንሽ ልዙር፤ አብረሽኝ አትመጪም?» አሉኝ።

እኔ በባዶ የጭማቂ ጠርሙስ ሸረሪት እየለቀምኩ ነበር። ሽማግሌው ያደረገውን ልሞክረው ልቤ ተነሥቷል። ቀና እንኳ አላልኩም። «ሰዓትዎን ይዘው የለ? ሐይቁ በደቡብ ነው። ቢጠፋብዎት ደቡብን ይያዙ፤ ውኃው ላይ ይወጣሉ» አልኳቸው። ዱካቸው ደረቅ ቅጠል ሲረግጥ ሰማሁት፣ ከዚያ አልሰማሁትም።

ከዳሩ ወጥቶ ውኃው ውስጥ የሚታጠፍ ጠባብ የመሬት ምላስ አለ። እሱን ይዤ ጫፉ ድረስ ሄድኩና ፊቴን ወደ ተነሣሁበት ዳር አዞርኩ። አሁን ውኃው በመካከላችን ነው። ሸረሪቶቹን አንድ በአንድ እግሬ ሥር ለቀቅኳቸው። ጭቃው እዚያው አጠገባቸው ነው፤ እኔ እቆምበታለሁ። አላዩትም። አምስቱም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አድርገው ወደ መሀል ውኃ ሮጡ፣ ቀጥ ብለው፣ አንዷ ሌላዋን ሳትጠብቅ። በጣም ትንሽ ናቸው። አንዷ ስትሮጥ ከሥሯ ጥቁር ነገር ብቅ አለና የነበረችበት ቦታ ክብ ክብ ሆነ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። የቀሩትን ማየት አልፈለግኩም፤ በራሴ ተናድጄ ጠርሙሱን አጥቤ ተመለስኩ።

ስመለስ አሥር ሰዓት ሆኗል። አባቴ የሉም። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ሥጋው ይቀዘቅዛል ብዬ። ከዚያ ዛፉ ውስጥ ገብቼ «አባባ» አልኩ። ከፍ አድርጌ ደገምኩት። የሚጮኹት ነፍሳት ብቻ ነበሩ። ሮጬ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት።

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ረጋ በይ። ማለቴ የት ይሄዳሉ? ደክሟቸው አንዱ ጋ ቁጭ ብለው ይሆናል» አለኝ፤ ግን ጫማውን የሚያስርበት እጁ ይጣደፍ ነበር። እሱ ወደ ሰሜን፣ እኔ ዳር ዳሩን ሄድን። ልቤ ሒሳቡን ያሰላል። ምሳ አልበሉም። መርፌው እየሠራ ነው። እየተራመዱ ነው፤ መራመድ ደግሞ ስኳሩን የበለጠ ያወርደዋል። ኪሳቸው ውስጥ ምንም የለም፤ ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላብ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ እንቅልፍ የሚመስል ነገር። መጦሪያው ውስጥ ሲሆን አጠገቤ ጭማቂ አለ፣ ደወል አለ፣ ነርስ አለ። እሳቸው ያሉበት ግን ዛፍና ሙቀት ብቻ ነው።

ባለቤቴ «ኮል ላድርግ» ብሎ ወደ መግቢያው ስልክ ሄደ። የፓርኩ ፖሊስ ሲመጣ አሥራ አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፖሊሱ ወጣትና ትሑት ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ያየው ዛፉን ሳይሆን ውኃውን ነበር። ዋና ያውቃሉ ወይ አለኝ። አያውቁም አልኩት። በሬዲዮው ጀልባ እንዲመጣ ተናገረ። ጀልባ ሲል እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሸረሪቶቹ ከእጄ ሸሹ።

«መቼ ነው የሄዱት?» አለኝ ማስታወሻውን አውጥቶ።

ወደ ባለቤቴ ዞሬ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር፣ አይደል?» አልኩት፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ፖሊሱ ዞሬ በእንግሊዝኛ «ሦስት ሰዓት» አልኩ። ዓይኔ እጄ ላይ ባለው ሰዓት አረፈ። ዘጠኝ። ሦስት።

ያስተማርኳቸው በእኔ ሰዓት ነው። የሄዱት የእሳቸውን ይዘው ነው። የእሳቸው አጭር ቆጣሪ ከእኔ በተቃራኒው ነው የሚቆመው። ፀሐይ ላይ ያነጣጠሩት ሌላ ቁጥር ነው፤ እኩል የከፈሉትም ሌላ ነው። ሦስት ጊዜ ስፈትናቸው አንዴም የራሳቸውን ሰዓት በእጃቸው አላስያዝኳቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ ስገለብጠው ስለኖርኩ የሚገለበጥ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ሰዓቴን በአገራችን አቆጣጠር አዞርኩት፤ አሥራ አንድ ላይ። ቆጣሪውን ወደ ፀሐይ አደረግሁ፣ መሀሉን በጥፍሬ ያዝኩ። ጥፍሬ ወደ ሐይቁ አላመለከተም። ወደ ምዕራብ ነው ያመለከተው። ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን፣ ውኃውን በግራቸው አድርገው፣ ዛፉ ጋርዷቸው ሳያዩት። በዚያ መስመር እስከ ማታ ቢሄዱ ውኃው ላይ አይደርሱም።

«ወደ ምዕራብ ነው የሄዱት» አልኩት ለፖሊሱ።

«ሰዓታቸው ተበላሽቶ ነበር?»

«አልተበላሸም» አልኩ፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። እሱም ጀልባውን አላስቀረውም፤ አልፈርድበትም። ባለቤቴ ግን አንድ ቃል ሳልነግረው ገብቶታል። ሰዓቴን አየ፣ ፀሐይን አየ፣ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ።

«ሶ ምዕራብ ማለት... ሃይዌዩ ነው» አለኝ።

ፖሊሱን እዚያው ትተነው መኪናችን ውስጥ ገባን። ከምሳው የተረፈውን ጭማቂ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይናችንን ትወጋናለች። ሰው ጠፍቶ ሲፈለግ ዞሮ ይሆናል፣ ተመልሶ ይሆናል፣ ደክሞት አርፎ ይሆናል ይባላል። እኔ ግን አባቴን አውቃቸዋለሁ። አልዞሩም። እኔ ነኝ አይዙሩ ያልኳቸው። የሚያቆማቸው ወይ ስኳሩ ነው፣ ወይ መኪና ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ የሰማ ይመስል መሪውን ጨብጦ ፍጥነቱን ጨመረ።

ዛፉ አልቆ የታጠረ የግጦሽ ሜዳ ይጀምራል፤ ከሜዳው ማዶ መኪና የሚከንፍበት ሃይዌዩ ነው። ከዳር ካለው መንገድ ላይ ቀስ እያልን ስንሄድ የኮታቸውን ቀለም አየሁት። አጥሩን ተሻግረው፣ የመኪናው ነፋስ በሚመታቸው ቦታ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ማዶ ነው። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም፤ ካልሲው ደም ሆኗል። ባለቤቴ መኪናውን በቅጡ ፓርክ ሳያደርግ ዘለልኩ።

ሸሚዛቸው ረጥቦ ሰውነታቸው ቀዝቅዟል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ጭማቂውን አፋቸው ላይ አድርጌ አገጫቸውን ያዝኩ። ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገባ። ስሜን ሳይሆን የእናቴን ስም ጠሩ። ሌላ አጠጣኋቸው። ቀስ በቀስ ዓይናቸው እኔን አገኘኝ።

«መኪናው አላሳልፍ አለኝ» አሉ። «ቢያቋርጥልኝ ልሻገር ነበር።»

አፋቸውን በእጄ ጠረግሁላቸው። ግራ እጃቸውን እንደምንም አንሥተው ሰዓቱን ወደ እኔ አዞሩት፤ አውራ ጣታቸው አሁንም መሀሉ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ያልሽኝን ነው ያደረግሁት። ውኃው ግን የለም።»

ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝተው ወጡ። ስኳራቸው ተስተካከለ። ሦስት የሽቦ አጥር ተሻግረው ነበር፤ የመጨረሻው ቀኝ እግራቸውን ከውስጥ በኩል ቀዶታል። ትንሽ ቁስል ናት። እኔው ነበርኩ የማጥባት፣ የምሸፍናት፣ መመርቀዟን ለማወቅ በየቀኑ የማሸታት። ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ ትንሽ ቁስል የሚባል ነገር እንደሌለ ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጠርዟ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ጠቆረ። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ሐኪሞች እግራቸውን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

ወደ ሥራ የተመለስኩ ቀን ሽማግሌው የሆነውን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ዘዴውን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ መስማት አለበት ብዬ፣ ምናልባትም ጥፋቱን ከእሱ ጋር ልካፈል ፈልጌ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አመንትተው ነበር?»

«አላመነቱም» አልኩት። ካልሲውን አጠለቅኩለት።

የብርዱን ወራት ሙሉ ጠያቂ ከቤታችን አልጠፋም። ከጋርላንድም፣ በቅርብ ካለችው ከአዲሰንም፣ ከቤተ ክርስቲያንም ይመጣሉ፤ ተቀምጠው፣ ተክዘው፣ በመጨረሻ ሁሉም ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ለመሆኑ እንዴት ነው የጠፉት?» አባቴ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ይመልሳሉ።

«ፀሐይዋ ናት ያሳሳተችኝ። የዚህ አገር ፀሐይ ሌላ ናት።»

ስለ ሰዓቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስለ እኔም። ይህን ሲሉ ወደ እኔ ላለማየት መስኮቱን ያዩ ነበር። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እኔ ነኝ ለማለት አንድ እርምጃ ነው የሚቀረኝ። ሻዩን አቀረብኩ። እንግዶቹ ስለዚህ አገር ፀሐይ ማማረር ሲጀምሩ እኔም ተቀመጥኩና አብሬያቸው አማረርኩ።